የበረኞቹ ሰንጠረዥ

ነቀምቴ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አስተምራለሁ። ባለፈው ዓመት የከተማችን እግር ኳስ ቡድን የቀድሞ ተጫዋቾች የምሳ ግብዣ ሊያዘጋጁ ተነሱና አንድ ጭቅጭቅ ውስጥ ገቡ። በቡድኑ ታሪክ አንድ በረኛ ብቻውን ቡድኑን ተሸክሞ የዋለበት ጨዋታ የትኛው ነው? ሁሉም የየራሱን ዘመን በረኛ ያነሳል። ከመካከላቸው አንዱ ጎረቤቴ ነውና ቤቴ መጥቶ፣ "ባርሲስቱ፣ አንቺ በቁጥር ገላግይን" አለኝ። መምህርት ማለቱ ነው፤ ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነው የሚጠራኝ።

ደስ አለኝ። በዚያ ወቅት ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ቤት ከመመላለስ በቀር የትም አልሄድም ነበር። የጎረቤት ቆርቆሮ በሙቀት ሲንጣጣ እንኳ ተኩስ ይመስለኛል። ቁጥር ይዤ ብቀመጥ ፍርሃቴ ጋብ ይልልኛል ብዬ አሰብኩ።

የድሮዎቹን ጨዋታዎች ወረቀት ያስቀመጡት በጊዜያቸው የቡድኑ ፀሐፊ የነበሩ፣ አሁን አርጆ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። በየጨዋታው ከሜዳው ዳር ተቀምጠው ኳስ ስንት ጊዜ ወደ ጎላችን እንደተመታ፣ በረኛው ስንቱን እንዳዳነ ይጽፉ ነበር። ስደውልላቸው፣ "በጠዋት ነይ፣ ሳይመሽ ተመለሺ" አሉኝ። መንገዱ ሲመሽ እንደማይታመን ሁለታችንም እናውቃለን።

በረንዳቸው ላይ ወረቀቱን እየዘረጉልኝ፣ እኔም የበረኞቹን ስምና ቁጥር ስልኬ ላይ እየሞላሁ አረፈድን። እሳቸው ጎል ያልገባበትን ቀን ሁሉ ትልቅ ቀን አድርገው ነው የሚያዩት።

"አባ፣ ደካማ ቡድን መጥቶ አንዴም ሳይመታ ቢሄድ በረኛው ምን ሠራ ይባላል?" አልኳቸው።

ተጋጣሚው በዚያ ዓመት ሌሎቹ ላይ ምን ያህል ያገባ እንደነበር፣ በዚያ ቀን ምን ያህል እንደመታና ምን ያህሉ እንደተመለሰበት አንድ ላይ ማየት ነበረብኝ። እንዲያ ሳሰላው ከሁሉም በላይ የወጣው ሁለት ለአንድ የተሸነፍንበት ጨዋታ ሆነ። ተጋጣሚው ያገኘውን ቡድን ሁሉ በጎል የሚያጥለቀልቅ ነበር። የኛ ተከላካይ ደግሞ ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጥቷል።

ሽማግሌው ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

"የኪራሙው ልጅ" አሉ ቀስ ብለው። "እውነትሽን ነው። ያን ቀን ልንዋረድ ነው ብለን ነበር።"

በረኛውን አውቀዋለሁ። በድርቁ ዘመን፣ ልጅ ሳለ፣ ከወላጆቹ ጋር ከወሎ መጥቶ ኪራሙ የሰፈረ ነው። በወጣትነቱ ነቀምቴ መጥቶ ተጫወተና ኳሱን ሲተው ወደዚያው ተመለሰ፤ ኪራሙ ሰላም ሲያጣ ደግሞ ቤተሰቡን ይዞ ነቀምቴ ገባ። ወፍጮ ቤት ተቀጥሮ ይሠራል።

የመልሱ ሚኒባስ ቶሎ አልሞላም፤ ስንነሳ ፀሐይዋ አዘንብላ ነበር። ጫካው መሃል መሣሪያ የያዙ ሰዎች አስቆሙን። የማን እንደሆኑ የጠየቀ የለም። አስወርደው አሰለፉንና መታወቂያና ስልክ መፈተሽ ጀመሩ። የኔን ስልክ የተቀበለው ወጣት ጣቱ ሲንሸራተት ቆየና ድንገት ቆመ። ስክሪኑን ወደኔ አዞረው።

የወንዶች ስም ወደ ታች ተደርድሯል። በየስሙ ትይዩ ቁጥር አለ። አንዱን ስም ደግሞ በቀይ አቅልሜዋለሁ። የሠራሁትን ነገር በሌላ ሰው ዓይን ያየሁት ያኔ ነው። የሰላይ ዝርዝር ይመስላል።

"እነዚህ እነማን ናቸው?" አለኝ በኦሮምኛ።

"ጠባቂዎች" አልኩት ከድንጋጤዬ የተነሳ።

"የማን ጠባቂዎች?"

"የጎል። የኳስ ጨዋታ። የድሮ በረኞች ናቸው።"

"ይሄ ቀዩስ?"

"እሱ ከሁሉም የበለጠው ነው።"

ስሙን ጮክ ብሎ አነበበው። ከየት የመጣ ስም እንደሆነ ለማንም አይሰወርም። ስለተጋጣሚው፣ ስለተመቱት ኳሶች ክፍል ውስጥ እንደማስረዳው ላስረዳው ሞከርኩ፤ ቃላቱ ግን ይያያዙብኛል። አጠገቤ የቆመች ከጉቴ የመጣች ነጋዴ፣ "ኢልማኮ፣ የኔ ልጅ፣ መምህርት ናት እኮ፤ ልጄን አስተምራለች" አለችው። ዞሮም አላያት። ስልኩን ይዞ ዛፍ ሥር ወደቆመው አለቃው ሄደ።

እንዲህ ባለ ሰዓት ሰው ልጆቹን ያስባል ይላሉ። እኔ ያሰብኩት በቀይ ያቀለምኩትን ሰው ነው። የት ሰፈር እንደሚኖር ቢጠይቁኝስ?

አለቃው ራሱ መጣ። "ይሄ ሰው ነቀምቴ ነው ያለው?"

"አላውቅም" አልኩ።

ከዚያ ስልኬን ኪሱ ከተተና፣ "ሂዱ" አለ። ነቀምቴ የገባነው ከመሸ ነው።

በማግስቱ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ሰውየው ዱቄት እንደለበሰ ወደ ውጭ ወጣልኝ። ሁሉንም ነገርኩት።

"ስልኩ ላይ ሰፈሬ አለ?"

"የለም። ስም ብቻ ነው።"

ዱቄቱን ከልብሱ እያራገፈ፣ "ለመሆኑ ስንተኛ አወጣሽኝ?" አለኝ።

"አንደኛ።"

"በየትኛው ጨዋታ?"

"በተሸነፋችሁበት። ተከላካያችሁ በወጣበት።"

ፈገግ አለ፤ ብዙ አልቆየችም ፈገግታው። "አብሽሪ፣ አንቺ ምን ታደርጊ። ስሜን ግን እዚያ አዳራሽ እንዳታነሺው። ልጆቼ እዚህ ነው የሚማሩት።"

በዚያው ሳምንት ቤት ቀየረ። የት እንደገባ እንዳይነግረኝ እኔው ለመንኩት።

ሽማግሌው ከአርጆ በጎረቤቴ ስልክ እያነበቡልኝ ስሌቱን እንደገና ሠራሁት። የግብዣው ቀን ቆሜ ስለዚያ ጨዋታ አነበብኩ። ለምን ያን ሽንፈት ካሸነፍናቸው ሁሉ እንዳስበለጥኩት አስረዳሁ። በስሙ ቦታ "በረኛው" ብቻ አልኩ። ያን ቀን አብረውት የተጫወቱት እዚያው ተቀምጠዋል፤ እሱም በሩ አጠገብ ተቀምጧል። አንድም ሰው ዞሮ አላየውም። አንድ አንጋፋ ተጫዋች ፊት ለፊት እያዩ ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። እሱም እንደማንኛውም እንግዳ ያጨበጭብ ነበር። ምሳው ሳይቀርብ ወጣ።

እስከ ዛሬ ደህና ነው። ገበያ ስንገናኝ ስለ ልጆች ተጠያይቀን እንለያያለን፤ ኳስ አናነሳም። እኔ ግን በሩቅ ሳየው ዓይኔ የሚቀድመው ከኋላው ማን እየመጣ እንደሆነ ለማየት ነው።