የቅዳሜ ጠዋት ጅብ

ሙሉነህ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ ዙሪክ አጠገብ ባለው የክሎተን አውሮፕላን ማረፊያ የአውሮፕላን ወንበር ሲጠርግ ኖሮ፣ ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት ስመ ጥር ሆነ። ዝናው ሰፊ አልነበረም። ከዙሪክ እስከ ጄኔቭ ያሉ አማርኛ የሚሰሙ ሕፃናትና እናቶቻቸው ነበሩ የሚያውቁት፤ እነሱም ቢሆኑ ከጥቂቶቹ በቀር ድምፁን እንጂ መልኩን አያውቁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ትንሽ የቴሌቪዥን ጣቢያ ቅዳሜ ጠዋት የልጆች ካርቱን የሚያሳይበትን ጊዜ ለስደተኞች ማኅበራት ከፋፍሎ ሰጠ። ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ያለው ለአማርኛ ደረሰ። ኦፕፊኮን ባለች አንዲት ጸሎት ቤት የልጆች አገልግሎት ኃላፊ የሆነችው ወይዘሮ ተናኘ ካርቱኑን ወደ አማርኛ መለሰችና፣ በጸሎት ቤቱ ምድር ቤት ግድግዳ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅላ ድምፅ ትቀዳ ጀመር። ለጥንቸሏም፣ ለኤሊውም፣ ለዝንጀሮውም የሚናገር ወዲያው ተገኘ። ለጅቡ ግን ጠፋ። ወጣቶቹ ተራ በተራ ቢሞክሩት ሁሉም ውሻ መሰሉ። ሙሉነህ የዚያን ዕለት የመጣው ወንበር ሊደረድር ነበር። ወረቀቱን ተቀብሎ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ ሳይጮኽ ቀስ ብሎ አነበበው። ሲጨርስ ወጣቶቹ ወደ ግድግዳው ሸሸት ብለው ነበር።

"የት ተማሩት፣ ጋሽ ሙሉነህ?" አለች ተናኘ።

"አልተማርኩትም። እንዲሁ ነው የሚመጣልኝ።"

በሦስተኛው ሳምንት ከጽሑፉ ውጭ የራሱን ቃል ጨመረ። ጅቡ ከጥንቸሏ ቤት በር ጀርባ ቆሞ፣ "ሳህን ላይ የተረፈው የኔ ነው፤ ያተረፈችውም የኔ ናት" ይላል። ተናኘ ስቃ ይሁን አለች። ከዚያ ወዲህ ያለዚያ ቃል ያለፈ ቅዳሜ የለም። እሑድ እሑድ የጸሎት ቤቱ ልጆች ከሩቅ ሆነው በዚያው ቃል ይጠሩትና ዞር ሲል ይበተናሉ። እሱም ደስ ይለዋል።

ነገር ግን ሙሉነህ የሚናገረው ለእነሱ አልነበረም። ልጁ ብፅዓት ጄኔቭ ውስጥ በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ትሠራለች። እናቷን ከቀበሩ ወዲህ አምስት ዓመት ሙሉ ስልኩን አላነሳችም፤ ሉሉ የምትባለውን የልጅ ልጁንም ያያት በሰው ስልክ ላይ፣ በፎቶ ነው። ሰው ሲጠይቀው ሥራ ይበዛባታል ይላል። ብፅዓት ሕፃን ሳለች እናቷ የማታ ሠራተኛ ስለነበረች እራት የሚያበላት እሱ ነበር። ያ ዘመን ከተነሳ፣ በሥርዓት ነው ያሳደግኋት፣ ልጅ ካልፈራ ሰው አይሆንም ብሎ ያልፈዋል።

ሉሉ ካርቱኑን እንደምታይ ከሰው የሰማ ዕለት አንድ ምኞት ያዘው። ልጅቱ ድምፁን ወድዳ፣ ይህ ማነው ብላ ስትጠይቅ፣ እናቷም ተሸንፋ "አያትሽ ነው" ስትላት ታየው።

በጥቅምት ብፅዓት ራሷ ደወለች። ሰላምታ አላበዛችም። ጅቡ እሱ መሆኑን ያወቀችው በዚያ በጨመረው ቃል እንደሆነ፣ ወጥ ቤት ሆና ሰምታው ሳህን ከእጇ ወድቆ እንደተሰበረ ነገረችው። ቀጥላም፣ "ለሉሉ ትፈለጋለህ። እሑድ ለምሳ ና" አለችው።

ሙሉነህ ሸሚዙን ሁለት ጊዜ ተኮሰ፤ ለሉሉ የጨርቅ ጥንቸል ገዛ። ለተናኘ ሲነግራት ቀለደችበት። "ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይላሉ። እርስዎ እንኳ የሚሄዱት የሚያውቅዎት ሰው ቤት ነው፤ ቁርበቱም ይነጠፍልዎታል።"

እሑድ ጄኔቭ ሲደርስ ብፅዓት በሩን ከኋላዋ ገርበብ አድርጋ ደረጃው አፋፍ ላይ ጠበቀችው። አልሳመችውም።

"ሉሉ አልበላም ብላለች" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "እስካሁን ጅቡ ይመጣል እያልኩ ነበር የማበላት። አሁን ግን እሱ ያለው ቴሌቪዥን ውስጥ ነው፣ ከዚያ አይወጣም አለችኝ። እንደሚወጣ አሳያት።"

ሙሉነህ ጥንቸሏን እንዳቀፈ ቆመ። "እኔ እኮ አያቷ ነኝ።"

"አያት የላትም። ጅቡን ግን ታውቀዋለች።"

"ትደነግጣለች፣ ብፅዓት። ሕፃን ናት።"

"እኔም ሕፃን ነበርኩ። ልጅ ካልፈራ ሰው አይሆንም ያልከው አንተ ነህ። እኔ ይኸው ሰው ሆኛለሁ፤ እሷም ትሁን። ካልፈለግህ የስምንት ሰዓቱ ባቡር ይደርስልሃል።"

ሙሉነህ ገርበብ ያለውን በር አየ። አምስት ዓመት የጠበቀው ይህን በር ነው። ገባ።

"ይግቡ" አለችው ብፅዓት ጮክ ብላ። ዕድሜዋን ሙሉ አንተ ስትለው የኖረች ልጅ፣ በሕፃኗ ፊት ቧንቧ ሊጠግን እንደመጣ ሰው አንቱ አለችው።

ሉሉ ፓስታዋን በሹካ እየገፋች ተቀምጣለች። "ማማ፣ ሴ ኪ? ማነው እሱ?" አለች። ሙሉነህ ምንም ሳይናገር ጥንቸሏን ዘረጋላት። ተቀብላ ጉንጯ ላይ አስደገፈቻትና ፈገግ አለችለት። እዚያ ላይ ዝም ብሎ ቢወጣ ያቺ ፈገግታ ትቀርለት ነበር። ብፅዓት ግን ሰዓቷን አየች።

ተናገረ። አልጮኸም።

"ሳህን ላይ የተረፈው የኔ ነው፤ ያተረፈችውም የኔ ናት።"

ልጅቱም አልጮኸችም። ሹካዋን አነሳች። እንባዋ እየወረደ ጎረሰች፤ ሳታኝክ ዋጠች፤ እንደገና ጎረሰች። ብፅዓት ልጇን አላየችም። ዓይኗ አባቷ ላይ ነበር፤ አንዲት ጉርሻ ሳታመልጠው እንዲያይ ትጠብቀው ነበር። ሳህኑ ሊያልቅ ሲል ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

"እኔም እንዲህ ነበር የምበላው፣ አባባ። አንተ በሩ ጀርባ ትቆም ስለነበር አይተኸኝ አታውቅም።"

ሙሉነህ ጎንበስ አለ። "አይዞሽ የኔ እመቤት" አለ፣ አቅሙ የቻለውን ያህል አለስልሶ፤ "አያትሽ ነኝ።" ሌላ ድምፅ ግን አልነበረውም። ያው የጅቡ ድምፅ ነው። ሉሉ ከወንበሯ ተንሸራትታ ጠረጴዛው ሥር ገባች። የጨርቋን ጥንቸል ጆሮዎች በሁለት እጇ ጭምቅ አድርጋ ደፈነች።

"በላሁ" አለች ከዚያው ሆና። "ፊኒ፣ ጨረስኩ። በላሁ።"

ብፅዓት በሩን ከፈተችለት።

በማግስቱ ተናኘ ቁርበቱ ተነጠፈልዎት ወይ ብላ ስትጠይቀው፣ ተነጥፎልኛል አላት። ከዚያ ሳምንት የድምፅ ቀረጻም አልቀረም፤ እንደ ወትሮው ተናገረ፤ ተናኘም እንዲህ አሳምረውት አያውቁም አለችው። ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ተቀመጠ። ጅቡ ሲወጣ ድምፁን አጠፋው። ጅቡ ያለ ድምፅ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

ስልኩ ላይ መልእክት ገባ። ከብፅዓት ነው። "ሳምንቱን በደንብ በላች። ዛሬ ግን እንቢታው ጀምሯታል። ነገ መምጣት ትችላለህ?"

ሁለት ጊዜ አነበበው። ሸሚዙን ከመስቀያው አውርዶ የካውያውን ገመድ ሰካ። ከዚያ መለሰላት።

"እሺ። በስንት ሰዓት ልድረስ?"