በጥፍር ቀለም የታሰረ ሞተር

ዛሬ ጠዋት ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ሻዬን ስጠጣ አንድ አሮጌ ቦክስ፣ እኛ ካርቱሞች ፒክአፑን እንዲህ ነው የምንለው፣ በሰፈሬ በጀብራ መንገድ አቧራውን እያቦነነ አለፈ። ከሞተሩ ፊት ቆርቆሮ ውስጥ የገባ ጠጠር የሚመስል መንገጫገጭ ይሰማል። ለሌላው ሰው ጩኸት ብቻ ነው፤ እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ በሽታውን እናገራለሁ፦ ሰንሰለቱ ረግቧል። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ራሴን ያስተማርኩት ራሴ ነኝ።

ያኔ ጢሜ ገና ማቆጥቆጡ ነበር። እዚሁ ጀብራ፣ በጭቃ ግንብ የታጠረ ሰፊ ሆሽ ውስጥ፣ ወሎዬዋ እትዬ ዘይነብ ከልጆቻቸው ጋር የፊቱን ቤት ይዘው፣ እኔ ከኋላ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ እንኖር ነበር። ግቢው መካከል ትልቅ የኒም ዛፍ ነበረ፤ ከሥሩ እርጥብ የሸክላ ሽታ የሚሸት የውኃ ማሰሮ፣ ከማሰሮው አጠገብ ደግሞ እትዬ ዘይነብ ዕድሜያቸውን በሰው ቤት ሠርተው የገዟት ቦክስ ትቆማለች። ወንድማቸው ሰዒድ በእሷ በረዶ እየጫነ ማዮ ሰፈር ድረስ ያከፋፍል ነበር፤ የዚያ ቤት እንጀራ በሙሉ የሚመጣው ከዚያች መኪና ነው።

ታዲያ አንድ ሰሞን ሞተሯ መንጓጓት ጀመረ፤ ጉልበቷም ከዳት። የሰፈሩ ስመ ጥር መካኒክ ኡስታ ኢድሪስ መጥቶ ጆሮውን አስጠጋና እጁን አራገፈ። «ኻላስ፣ ያ ሐጃ! ይሄ ሞተር ሞቷል። ለኹርዳ ሽጪው።» ኹርዳ ማለት ቁርጥራጭ ብረት ነው። ገዢውም ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እንዲመጣ ተነገረው። እኔ በዚያን ጊዜ ሥራዬ ቢስክሌት መጠገን ነበር፤ ቢሆንም እትዬ ዘይነብ ፊታቸውን በነጠላቸው ሲሸፍኑ ሳይ፣ «እኔ አድናታለሁ» አልኩ። ኢድሪስ ጥምጥሙ እስኪፈታ ሳቀ። «የሳይክል ሐኪም! ፔዳል ልትገጥምላት ነው?»

ስለ ሞተር የማውቀው ሰው ሲፈታ በአጥር ላይ አንገቴን አስግጌ ያየሁትን ብቻ ነው፤ ጭንቅላት ላለው ግን ያ ይበቃል። ራዲያተሩን አወረድኩ፣ የፊት ክዳኑን ፈታሁ፤ ሰንሰለቱ እንደ ላላ ቀበቶ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። የዚህ ሰንሰለት ሥራ ከታች ያለውን ክራንክ ከላይ ካለው ካም ጋር አስሮ፣ ፒስተኑና ቫልቮቹ ሰዓታቸውን ጠብቀው እንዲተላለፉ ማድረግ ነው። ሰዓቱ ከተዛባ ይጋጫሉ፤ ከተጋጩ ደግሞ ኢድሪስ የተናገረው እውነት ይሆናል። ሰዒድ ከገበያ ያመጣው አዲስ ሰንሰለት የት ላይ እንደሚገጥም የሚያሳይ ምልክት አልነበረውም። አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ከኒሙ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀልኳቸው፤ አሮጌው በግማሽ ጣት ውፍረት ረዝሞ ሳይ ራሴን በራሴ አደነቅሁ። ከዚያ ከእትዬ ዘይነብ ትልቋ ልጅ ቀይ የጥፍር ቀለም ተቀብዬ፣ የአሮጌውን ምልክት ቀለበት በቀለበት እየቆጠርኩ ወደ አዲሱ አሻገርኩት። ልጅቷ ጠርሙሷ ሲያልቅ ልታለቅስ ደረሰች።

ዓርብ ከሰላት መልስ ግቢው ሞላ። የብረት ገዢው ካሮውን፣ ማለት የእጅ ጋሪውን፣ በር ላይ አቁሞ ገባ፣ ኢድሪስም ወንበር ስቦ ከፊት ተቀመጠ። ክዳኑን ከመግጠሜ በፊት ክራንኩን በመፍቻ ቀስ አድርጌ ሁለት ዙር አዞርኩት። የካሙ ማርሽ ምልክት አንድ ጥርስ ወደ ኋላ ቀርቷል!

«ያላ፣ አስነሳት!» አለ ሕዝቡ። «ቆዩ፣ አንድ ጥርስ ቀርቷል» አልኩ።

«አንድ ጥርስ ምንድን ነው?» አለ ኢድሪስ፣ የወለቀ ጥርሱን ክፍተት በጣቱ እያሳየ። «እኔ ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ሥጋ እየበላሁ ነው!»

ሳቁ ግንቡን አነቃነቀው። እትዬ ዘይነብ ተጠግተው በሹክሹክታ፣ «በቀለ፣ ወላሂ ከከበደህ ንገረኝ፤ አልቀየምህም» አሉኝ።

«ለብረት ገዢው ሻይ ያፍሉለት፣ እትዬ፤ ይጠብቃል» አልኩና እንደገና ፈታሁት።

ስህተቱ የቢስክሌተኛ ስህተት ነበር። በቢስክሌት ልማድ እጄ የተሳሳተውን ጎን ወጥሮ፣ ልሉን ወጣሪው፣ ሰንሰለቱን ገፍቶ የሚያጠብቀው ብረት፣ በሌለበት በኩል ትቶታል፤ ወጣሪው ሲገፋ ካሙን ጎተተው። ሌላ ሰው ቢሆን በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ይህን አያስብም፤ እኔ አሰብኩት። ልሉን ወደ ወጣሪው በኩል አዙሬ አሰርኩ፣ ሁለት ዙር አዞርኩ፤ ምልክቶቹ ቁጭ አሉ። ሰውየው ሻዩን እየደጋገመ እኔ ክዳኑን ገጠምኩ፣ ራዲያተሩን መለስኩ፣ ለሰዒድም ምልክት ሰጠሁት።

ሞተሯ አንዴ አጉረመረመች፤ ከዚያ እንደ አዲስ የልብስ ስፌት መኪና ድምጿን አለስልሳ ተነሳች። እትዬ ዘይነብ እልልታውን አቀለጡት፤ ገዢው ባዶ ካሮውን እየገፋ ሄደ። ኢድሪስ ተነስቶ ጆሮውን ለረጅም ጊዜ አስጠጋ፣ ከዚያም ቀና ብሎ «ወላሂ፣ ይሄ ሐበሺ ሸይጣን ነው» አለ። ሌላው ሰው ዲፕሎማ አለው፤ እኔ ይህ ቃል አለኝ። በማግስቱ ቦክሷ በረዶ ጭና ማዮ ገባች፤ እነዚያ ልጆች እስኪያድጉም ስትጭን ኖረች።

ዛሬ እትዬ ዘይነብ ወሎ ገብተዋል፣ ኢድሪስ አፈር ለብሷል፣ ሆሹም ለሁለት ተከፍሎ ኒሙ ተቆርጧል። እኔ አሁንም ሞተር እፈታለሁ፣ አሁንም አልሸነፍም። ነገር ግን ሰው ሁሉ መኪናውን ቁልፉን ጭምር ጥሎልኝ ይሄዳል፤ ያምነኛላ! «አይሆንልህም» ብሎ ወንበር ስቦ ከፊቴ የሚቀመጥ አንድ ሰው እንኳ የለም። ማሸነፉን አሁንም አሸንፋለሁ፤ ጣዕሙ ግን ከእነዚያ ሰዎች ጋር ሄደ።