ለሰዓዳ ፈቃድ ሦስት ጊዜ ወደ አምባሰል

ከሐይቅ የተነሳነው ሐሙስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሦስት ነን፤ የአባቴ ወዳጅ ሸህ አደም፣ ጎረቤታችን ዓሣ አስጋሪው ጋሽ ደምሴ እና እኔ። ጉዳያችን አንድ ነው። አምባሰል ውስጥ፣ ከውጫሌ በላይ ተራራው ላይ የሚኖሩት አቶ ይማም፣ ልጃቸው ሰዓዳ ናይሮቢ ሄዳ ራግቢ እንድትጫወት እንዲፈቅዱላት ልንለምን ነው።

እኔ ዘጠኝ ዓመት በራግቢ ደሞዝ ኖሬያለሁ። ናይሮቢ የሄድኩት ሱቅ ውስጥ ተቀጥሬ ልሠራ ነበር። አንድ ቀን ሜዳ ዳር ቆሜ ሳይ ሰው ጎደላቸውና ግባ አሉኝ፤ በዚያው ቀረሁ። ክንፍ ነበርኩ፤ አስራ አንድ ቁጥር፣ የግራ መስመር። የጉልበቴ ጅማት ሲበጠስ ወደ አገሬ ተመለስኩና ከሐይቁ ዳር ባለው ሜዳ ማሠልጠን ጀመርኩ። ሰዓዳን ያገኘኋት እዚያ ነው። አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከተማችን ቤት ተከራይታ ትማራለች። እንደሷ የሚሮጥ ሰው በዚያ ሁሉ ዓመት ያየሁት ሁለት ብቻ ነው። የድሮ ክለቤ የሴቶች ቡድን እስከ ወሩ መጨረሻ ቦታ ሊይዝላት ተስማማ። ፓስፖርቷም ወጣ። እሷ ግን «አባቴ ሳይመርቀኝ እግሬን አላነሳም» ብላ ወላጆቿ ቤት ገባች።

ልቆጣት አልቻልኩም። እኔ አባቴን ሳልጠይቅ ነው የሄድኩት። ደሴ ልማር ነው ብዬ ዋሽቼው ሞያሌ ወረድኩ። ጦርነቱ ሐይቅ ሲደርስ፣ ስልክ በተቋረጠበት ሰሞን ሞተ። መርዶውን የሰማሁት አርባው ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ይህችን ልጅ በወጉ፣ በሽማግሌ ካላስፈቀድኩ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ።

ከሐይቅ እስከ ውጫሌ

ሚኒባሱ በሰው ስድሳ ብር አስከፈለን። መንገዱ ዳር ማሽላው አፍርቷል። በመሃሉ ጎማ የሌለው የተቃጠለ የጭነት መኪና ቆሟል፤ ፍየሎች ጥላው ሥር ተኝተዋል። ኬላው ላይ ፈታሹ ሚሊሻ ከቦርሳዬ ኳሷን አወጣና ወደ ጆሮው አስጠጋት።

«ምንድን ናት?»

«ኳስ።»

«ኳስማ ክብ ነው።»

ጋሽ ደምሴ ከኋላ ወንበር ሆነው «እንቁላል ናት፤ ቀስ በቀስ በእግሯ ትሄዳለች» አሉት። ሚሊሻው እየሳቀ ኳሷን መለሰልኝ።

ውጫሌ ሻይና ዳቦ ቀመስንና እግራችንን አነሳን። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ዳገት ነው። በመንገዳችን ያለው ትምህርት ቤት ዴስኮቹ በጦርነቱ ጊዜ ለማገዶ ነድደው አልቀዋል፤ ተማሪዎቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይማራሉ። ሸህ አደም በሰባ ዓመታቸው ከፊት ይመራሉ፤ የቀድሞው ሯጭ እኔ ከኋላ አነክሳለሁ።

የመጀመሪያው ቀን

አቶ ይማም ከአራት ወንድሞቻቸው ጋር፣ ንጹሕ ልብስ ለብሰው በር ላይ ጠበቁን። ይህን ሳይ ነገሩ ሊገባኝ ይገባ ነበር።

«ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«ሐጃችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ሸህ አደም፣ የጠየቁት ሳይፈቀድ አለመቀመጥ የሽማግሌ ደንብ ነውና።

አቶ ይማም ከላይ እስከ ታች አይተውኝ ዓይናቸው ጉልበቴ ላይ ቆመ። «ሸህ አደም፣ እርስዎን ማሳፈር ይከብደኛል። ግን ወላሂ፣ ልጄን ለሚያነክስ ሰው አልድርም።»

ጋሽ ደምሴን ሳል ያዛቸው። እኔ ፊቴ ጋለ። በእኛ አገር ሁለት ሽማግሌና አንድ ላጤ መጥተው አንቀመጥም ካሉ ሌላ ምን ጉዳይ ይኖራቸዋል? ስንቱን ሳሰላ ከርሜ ይህን አላሰብኩም። ከመጋረጃው ጀርባ ሰዓዳ ስትስቅ ተሰማኝ።

«አቶ ይማም፣ ለጋብቻ አይደለም የመጣነው» ብዬ ነገሩን ሁሉ አስረዳኋቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር፤ ጭራሽ ፊታቸው ጠቆረ።

«ጋብቻ ቢሆን ይሻል ነበር። ጋብቻን አውቀዋለሁ። ቢከፋት ትመለሳለች፤ ቢጣሉ ሽማግሌ አለ። ይሄን በምን አውቀዋለሁ?»

ኳሷን አውጥቼ አሳየኋቸው። ወደ ፊት እየሮጡ በእጅ ወደ ኋላ እንደሚቀባበሉ ነገርኳቸው። «ክንፍ የሚቆመው ዳር ላይ ነው። በጨዋታው ሁሉ ኳስ ሁለቴ ላትደርሰው ትችላለች። በደረሰችው ጊዜ ግን የአስራ አራት ሰው ልፋት እጁ ላይ ነው።»

«ምን ሰጠህ?»

«የእናቴን ቤት ቆርቆሮ አለበስኩበት፤ እህቴን አስተማርኩበት።»

«ምን ወሰደብህ?»

«ሁለት ጥርስና ይሄን ጉልበት። አባቴንም አልቀበርኩም።»

አቶ ይማም «ለጋብቻ ሽማግሌ ሦስቴ ይመላለሳል፤ ይሄ ከጋብቻ ይከብዳል። ሂዱና ተመለሱ» አሉን። ሳንቀመጥ ወረድን። የቀረበውን እርጎ በዓይናችን ብቻ ጠጣነው።

ሁለተኛው ቀን

ሰኞ ተመለስን፤ እንደ ደንቡ ቆምን። በዚህኛው ቀን አቶ ይማም ራሳቸው ተናገሩ።

«የከባድ መሣሪያው ድምፅ ሲጀምር እናቴ ታች ምንጩ ጋ ቤቷ ውስጥ ብቻዋን ነበረች። እኔ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ሰዓዳ ናት በዚህ ገደል ወርዳ፣ አያቷን አዝላ የወጣችው። አሁን አንተ እሷን ወስደህ፣ ያ ቀን ደግሞ ቢመጣ ማን ይወርዳል?»

ሸህ አደም ወደ እኔ አዩ። ክለቡ ይህን ያደርጋል፣ ያንን ያደርጋል ማለት እችል ነበር። አፈርኩና «መልስ የለኝም» አልኳቸው። አቶ ይማም ራሳቸውን ነቅንቀው ሸኙን።

ስንወርድ ጋሽ ደምሴ «አብሽር፣ ያልዋሸ ሽማግሌ ሲያዩ ደንግጠው ነው» አሉኝ። እኔ ግን ነገሩ ያለቀለት መስሎኝ ከፍቶኝ ነበር።

ሦስተኛው ቀን

ዓርብ ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ሸህ አደምን ብርድ መቷቸዋል፤ ጋሽ ደምሴ ከአጠገባቸው አልለይም አሉ። ላጤ ያለ ሽማግሌ መሄዱ ነውር ነው። ቢሆንም ሄድኩ። ዝናብ መንገዱን ጭቃ አድርጎታል። ከትምህርት ቤቱ ሳልደርስ ጉልበቴ አብጦ ሱሪዬን ወጠረው። እየቆምኩ፣ እየተነፈስኩ ወጣሁ። ቢያንስ ሳልጠይቅ ቀረሁ አልልም ብዬ ነው።

አጋማሽ ላይ ካለው ዋንዛ ሥር አቶ ይማም ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ከአጠገባቸው ሰዓዳ ቦርሳዋን ይዛ ቆማለች።

«ከዚህ ከላይ ሆኜ ሳይህ አንድ ሰዓት ሆነኝ» አሉኝ። «አሁን ይመለሳል፣ አሁን ይመለሳል እያልኩ። ብትመለስ ኖሮ እሷም ትቀር ነበር።»

«አያቷስ?»

«እናቴን ትናንት ወደ እኔ ቤት አወጣኋት። ድሮም የእኔ ሥራ ነበር። ከእንግዲህ ማንም መውረድ የለበትም።» መዳፋቸውን ዘረጉ። ሰዓዳ አጎነበሰች። «አላህ መንገድሽን ያቅናው። እግርሽን ከእንቅፋት ይጠብቀው። በሰላም ሄደሽ በሰላም ተመለሽ።»

«አሚን» አልን። ሰዓዳ አለቀሰች፤ እኔም አላስቻለኝም።

ከዚያ አቶ ይማም ከድንጋዩ ላይ ተነሱና በእጃቸው አሳዩኝ። «እንግዲህ አሁን ተቀመጥ።»

ወደ ሐይቅ

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሐይቅ ገባን። ሰዓዳ ወደ ተከራየችው ቤት ሄደች፤ እኔ ወደ ቤቴ አልገባሁም። ፈቃድ ጊዜ የሚያባክን ወግ ይመስለኝ ነበር። በዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ የሚጠይቅ ሰው ለሚቀረውም ሰው ቦታ እንደሚያበጅለት ነው። አቶ ይማም በሦስት ምልልሳችን ቤታቸውን አስተካከሉ። አባቴ ግን ከእኔ አንድ ቀን እንኳ አላገኘም።

ከአባቴ መቃብር አጠገብ ቆሜ «አባባ፣ ናይሮቢ ልሄድ ነው፤ ፍቀድልኝ» አልኩ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይቼ። ጉልበቴ ይጠዘጥዘኛል፤ ግን አልተቀመጥኩም።

ሸህ አደም ብርዱ ለቀቅ ቢያደርጋቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ መስጊድ ሲያልፉ አዩኝና መጡ።

«ተሳካ?»

«ተሳካ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«እየጠየቅሁ ነው።»

መቃብሩን አዩ፤ ቆሜ መቅረቴንም አዩ። ገባቸው።

«ስንተኛህ ነው?»

«የመጀመሪያዬ።»

«እንግዲያው ሁለት ይቀርሃል» አሉና ክንዴን ያዙኝ። «ነገ እኔና ደምሴ አብረንህ እንመጣለን።»