ፋይል ያልኩበት ጠዋት

የልጅ ልጄ ተሰማ ባለፈው ቅዳሜ ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ጠፍጣፋ ካርቶን በብብቱ ሸጉጦ መጣና «ይሄን ፋይል ማንም እንዳይነካብኝ!» ብሎ ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀለው። «ይሄ ደግሞ ምኑ ፋይል ነው? ፋይል ብረት የሚሞርድ ነው!» አልኩት። ሚስቱም እሱም ሳቁብኝ። ኤዲያ! እኔ ያቺን ቃል ስሰማት እንኳን እሱ አባቱም አልተወለደም። እስከ ትናንት ዶሴ ሲሉት ከርመው ዛሬ ፋይል ስላሉት ለኔ አስተማሪ ሊሆኑ ያምራቸዋል።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው አንኮበር ነበር። አባቴ ባለ እጅ ነው፤ ማረሻ ይሠራል፣ ጠበንጃ ይጠግናል። እናቴ እኔን ስትወልድ ስለሞተች ወናፍ እየነፋሁ አደግኩ። የጋለ ብረት ውኃ ሲነካ ቱሽ የሚለው ድምፅና የሚወጣው ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። አገሬው ቀን ማረሻውን ለአባቴ ሰጥቶ ማታ ቡዳ ይለናል። እኔ ሳልፍ እናቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ነበር። እያለቀስኩ ስገባ አባቴ «ዝም በይ፣ እኛም የሰው ልጆች ነን» ይለኛል።

አንድ ክረምት አንድ እንግሊዝ ከነጋዴዎች ጋር ከአልዩ አምባ ወጣ። ጠበንጃው ተሰብሮበት ስለነበር እስኪጠገንለት እኛው ዘንድ ሰነበተ። ከጓዙ ውስጥ ጥርሱ ደቃቅ የሆነ ሞረድ አወጣና «ፋይል» አለኝ። «ፋይል» አልኩ። በነጋታው ወረቀቶቹን እየበሳ በክር ሲሰካ አየሁት፤ እሱንም «ፋይል» አለው። ደግሞ ጨው የጫኑ አህዮች በገደሉ ጠባብ መንገድ አንዱ ካንዱ ኋላ ሲወጡ በጣቱ አሳየኝና «ፋይል!» አይለኝ መሰላችሁ! ግራ ገብቶኝ አባቴን ብጠይቀው «ቃል ቢያጥራቸው ነዋ፣ ድሆች ናቸው» ብሎ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ጨዋታዬ ያ ቃል ሆነ። ጉንዳኑም ፋይል፣ መቁጠሪያውም ፋይል፣ ከቤተ ክርስቲያን ተከታትለው የሚወጡት ካህናትም ፋይል። እንግሊዙ ሲሄድ ሞረዱን ለአባቴ ትቶለት ሄደ። አባቴም እንደ ልጅ ይሳሳለት ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ የሰፈራችን ሹም ልጅ ታመመ። ያንቀጠቅጠዋል፣ ይለፈልፋል። ቡዳ በላው ተባለና በጢስ አጠኑት፤ ማን እንደበላው ሲጠይቁት የአባቴን ስም ጠራ አሉ። እኛ ይሄን ሁሉ አልሰማንም። ጠዋት ደጃፍ ቁጭ ብዬ ጉሙ ገለጥ ሲል ሰዎች በኮረብታው ጫፍ አንዱ ካንዱ ኋላ ሆነው ሲመጡ አየሁ። ደስ ብሎኝ ዘለልኩ። «አባዬ! ና ውጣ! ፋይል መጣ!» ብዬ ጮህኩ። አባቴ ሞረዱን እንደያዘ እየሳቀ ወጣ።

የመጡት የሹሙ አሽከሮች ነበሩ። የመጀመሪያው አባቴን በሰደፍ አፉን ሲለው ጥርሱ ረገፈ። መዶሻውን ከቤት አወጡና አባቴን በጠፍር አስረው እስከ ሹሙ ግቢ መሬት ለመሬት ጎተቱት፤ ድንጋዩ ጀርባውን ላጠው። እኔ እየጮህኩ ከኋላ ሮጥኩ። እዚያ የታመመው ልጅ አፉ አረፋ ደፍቆ ቁርበት ላይ ተጋድሟል። ሹሙ ጎራዴውን መዞ «ትፋበት! ልጄን ልቀቅ!» አለ። ባገራችን የበላው ቡዳ ራሱ ከተፋበት በሽተኛው ይድናል ይባላል። የተፋ ሰው ግን በገዛ ምራቁ ቡዳነቱን አመነ ማለት ነው፤ ስሙ እስከ ልጅ ልጁ ድረስ አይለቀውም።

አባቴ ደሙን ዋጠና «ቡዳ አይደለሁም፤ አልተፋም» አለ። በአለንጋ ገረፉት። አልተፋም። ቀኝ እጁን ድንጋይ ላይ አስዘርግተው በገዛ መዶሻው መቱት፤ ጣቶቹ ሲሰበሩ ድምፃቸው ተሰማኝ። አሁንም አልተፋም። ሹሙ ጎራዴውን ወደ አንገቱ ሲያነሳ በሰዎቹ እግር መሃል ሾልኬ ገባሁና ልጁ ግንባር ላይ እንትፍ አልኩ። «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የበላሁት!» አልኩ።

ልጁ አስነጠሰና ዓይኑን ገለጠ። ከጢሱ ስላወጡት ይሁን ትኩሳቱ ለቆት፣ እኔ ምን አውቃለሁ! ሴቶቹ እልል አሉ። እልልታው ሳያባራ የተወረወረ ድንጋይ ጆሮዬ ሥር አገኘኝ፤ ጠባሳው ይኸው። አባቴን ፈቱት። ቤታችን ግን ስንደርስ ይነድ ነበር፤ ሞረዱም እዚያው ቀረ።

እየተሸሸግን ወደ ደነባ ሄድን። መንገድ ላይ አባቴ የተሰበረ እጁን በነጠላዬ እንዳሰርኩለት «ለምን ተፋሽ፣ ልጄ?» አለኝ። «እንዳይገሉህ» አልኩት። ያን ሁሉ ግርፋት ሳያለቅስ ችሎ እዚያ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። «የሰው ልጅ ነሽ፤ እኔ ብሞት እንኳ ይሄን እንዳትረሺ» አለኝ። ከዚያ በኋላ መዶሻ አልጨበጠም።

ይሄን ለነተሰማ አውርቼ አላውቅም ነበር፤ ቅዳሜ ለት ግን በሳቃቸው ተናድጄ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ተሰማ ካርቶኑን ረሳው። በኋላ አንገቱን ደፍቶ፣ የሞረዱ ፋይልና የወረቀቱ ፋይል በእንግሊዝኛ ስማቸው ይግጠም እንጂ ዘራቸው ለየቅል መሆኑን ነገረኝ። የወረቀቱ ጥንት ክር ማለት ነበር አለኝ፤ ተከታትሎ የሚሄደው ሰውም የመጣው ከዚያው ከክሩ ነው። እንግሊዙ ያሳየኝ ልክ ነበር ማለት ነው። ምስኪን አባቴ በከንቱ ድሆች አላቸው።

ዛሬ ጊዜው ተለውጧል ይላሉ። ባለ እጁም ልጁን ትምህርት ቤት ይሰዳል፤ እሰየው ነው። እኔ ግን ከዚያ ጠዋት ወዲህ በሰው ልጅ ላይ ምራቄን ጥዬ አላውቅም። ሌሎች አያቶች ሕፃናትን እንትፍ እንትፍ እያሉ ሲመርቁ እኔ አፌ ደረቀ እያልኩ በእጄ ብቻ ዳብሼ አልፋለሁ። የተሰማ ሚስት ያን ቅዳሜ ይሄንንም ሰምታ ተነሳች። ሕፃን ልጇን ከአልጋው አንስታ ጭኔ ላይ አስቀመጠቻትና የተሸፈነ ፊቷን ገለጠችልኝ።

«እማማ፣ ይመርቁልኝ፤ እንትፍ ይበሉባት» አለችኝ።

«የሰው ልጅ ነኝ» አልኩ፤ ለማን እንዳልኩት እንጃ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ እንትፍ አልኩባት። ልጅቷም ሳቀች።