ከሀብሀቡ አጠገብ ያለው ኮምፒውተር

የድሬን ሙቀት ሰው ይለምደዋል፤ የእኔ አሮጌ ኮምፒውተር ግን እንቢ አለ። ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ ዕቃ ነው። ቀፊራ ገበያ ከገዛኋቸው የተበላሹ ዕቃዎች ቺፕ እየነቀልኩ ሜሞሪ ጨመርኩለት፤ ከዚያ ወዲህ ቀትር ሲሆን ግሎ ይጠፋል። ቬንቲሌተር ባቆምበት ትኩስ አየር ብቻ ሆነ። በመጨረሻ ቦርዱን ከኪቦርዱ ነጥዬ ፍሪጅ ውስጥ፣ ሀብሀቡ አጠገብ አስቀመጥኩትና ሽቦዎቹን በበሩ ጎማ በኩል አወጣኋቸው። ሠራ።

ደስታዬን ሳልጨርስ በሩ ተንኳኳ። የእጮኛዬ የሐናን አባት፣ ሐጂ ሙክታር ናቸው። ቤታቸው እዚሁ ሰፈር ነው። ልጃቸውን ከመስጠታቸው በፊት አኗኗሬን ሊያዩ ሳይናገሩ መጡ።

ድሬ ውስጥ ለእንግዳ መጀመሪያ የሚቀርበው ቀዝቃዛ ውሃ ነው። እኔ ግን ፍሪጁን ላለመክፈት ስለ ጤናቸው፣ ስለ ዘመድ አዝማድ ደጋግሜ እጠይቃለሁ። ጉሮሯቸው ሲደርቅ ጊዜ ተነሱ።

«ተወው አቦ፣ ራሴ እቀዳለሁ» ብለው ከፈቱት።

ጎንበስ ብለው ሽቦውንና የሚበራውን አረንጓዴ መብራት አዩ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ኮምፒውተር ነው፣ ሐጂ። ሙቀት አይችልም።»

በሩን ቀስ ብለው ዘጉና ውሃም ሳይጠጡ ወጡ። አለቀልኝ አልኩ። ለሐናን ምን ብዬ እንደምነግራት ሳሰላስል በሩ እንደገና ተንኳኳ።

ሐጂ በሽርጥ የተጠቀለለ ትልቅ ሬዲዮ ታቅፈው ቆመዋል።

«ይሄም ወላሂ ቀትር ላይ ድምፁ ይዘጋል» አሉኝ። «ሀብሀቡን ብናወጣው አይገባም?»