የጉማሬው ፎቶ የተነሳበት ቀን

ይህን ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልወደድኩትም። ታናሽ እህቴ ለእናታችን ልታስተዋውቀው ቤት ይዛው ስትመጣ ካሜራው አንገቱ ላይ ነበር፤ እናቴን ሲሳለም እንኳን ስላላወለቀው ደረቷን ወጋት። ቆጮ በዳጣ ቀረበለት። ሁለቴ ጎረሰና ድንገት ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ። እንሰቱ ላይ አንዲት ወፍ አርፋ ኖሯል። እናቴ ልትጨምርለት ያነሳችውን ሳህን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሲመለስ ይቅርታ አላለም። "ታስገርማለች" አለ፤ ስለ ወፏ ነው።

"ሰውየው ጤነኛ ነው?" አልኳት እህቴን ማድ ቤት ውስጥ።

"አርቲስት ነው።"

"አርቲስት የቀረበለትን አይጨርስም?"

ሳቀች። ያን ጊዜ ብዙ ትስቅ ነበር።

እኔ ሶዶ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ታላቅ እህቷ ነኝ፤ በስድስት ዓመት እበልጣታለሁ፤ አባታችን በልጅነታችን ስላረፈ የእሷን ነገር ሁሉ እንደራሴ ጉዳይ ነው የማየው። ለዚህም ነው በሰርጓ ቀን ሌላው መዘምራኑን ሲያዳምጥ እኔ ሙሽራውን የተከታተልኩት። ቃል ኪዳን ሲገቡ ዓይኑ ከመጋቢው ትከሻ በላይ አልፎ በመስኮት ወጥቷል። ዞሬ የሚያየውን አየሁ። ዳሞታ ተራራ ላይ ጉም እየወረደ ነበር። እውነት ለመናገር ያማረ ጉም ነው። ቢሆንም የሰርጉ ቀን ነው!

ባዮሎጂ መምህር ነበር። በተጋቡ በዓመቱ ማስተማሩን ተወና ሙሉ ጊዜውን ለካሜራው ሰጠ። ለሳምንት ይጠፋል፤ አንዴ ቢላቴ ወንዝ፣ አንዴ ከቢጠና በላይ ያሉት ኮረብታዎች፣ አንዴ አባያ። ቤቱን የያዘችው እህቴ ናት፤ በትንሿ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቋ። ስጠይቃት "ሲመለስ እኮ ደስ ብሎት ነው የሚመለሰው" ትለኛለች። እሷ ደስ ይበላት አይበላት ግን አትነግረኝም።

ከዚያ የመውለጃዋ ወር ገባ። ረቡዕ ዕለት ጉማሬ ሊጠብቅ ወደ አባያ ዳርቻ ወረደ። "አርብ ጠዋት እመለሳለሁ" ብሏት ነበር። አርብ ጠዋት በእሱ ፈንታ ምጡ መጣ።

በባጃጅ ሆስፒታል አደረስኳት። መንገዱ ሲያንገጫግጨን ክንዴን ጨምድዳ ይዛ ድምፅ አታወጣም፤ ጥፍሯ የተቀበረበት ቦታ ለሳምንት ሰንብሮ ቆየ። ለእሱ ደወልኩ። ከተበላ ከተማ ወደ ሐይቁ ሲወረድ ኔትወርክ እንደሚጠፋ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ደጋግሜ ደወልኩ። እኩለ ቀን ገደማ ሐኪሙ ወጣ።

"የሕፃኑ የልብ ምት እየደከመ ነው። አሁኑኑ ኦፕራሲዮን መግባት አለባት። ባለቤቷ የት ነው?"

"ጉማሬ ፎቶ ሊያነሳ ሄዷል" አልኩ።

የማሾፍ መስሎት ፊቱን አጠቆረብኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ ፈረምኩ።

ልጅቷ በሕይወት ወጣች። የእህቴ ደም ግን አልቆም አለ፤ ሊያተርፏት ማህፀኗን አወጡት። ሌላ ልጅ እንደማትወልድ የተነገረኝ እኔ ነኝ። ስትነቃ የነገርኳትም እኔ ነኝ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ "እሱስ መጣ?" አለችኝ።

እሁድ ጠዋት መጣ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ ጢሙ አድጎ፣ ዓሳ ዓሳ ይሸታል። ጎረቤት "ወልዳለች" ብቻ ስላለው ምንም አያውቅም። ኮሪደሩ ላይ ሲያየኝ ፊቱ በርቶ "እንኳን ደስ ያለን!" አለኝና ትንፋሽ እንኳን ሳይወስድ ቀጠለ፦ "ዕድሜ ልኬን የማላገኘው ነገር ነው ያነሳሁት።"

"ያነሳኸውን ይዘህ ከዚህ ጥፋ!" አልኩት። ጮኼ ስለነበር አስታማሚዎች ከየክፍሉ ወጡ። ደረቱን ገፋሁት፤ እሱ ግን እኔን ሳይሆን ካሜራውን ነው በሁለት እጁ የደገፈው። ይህንን መቼም አልረሳለትም።

ልጅቷ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ተለያዩ። እህቴ ሱቋን ዘግታ ቦዲቲ ሄደች፤ እዚያ ሌላ ከፈተች። እሱ ሶዶ ቀረ። መንገድ ላይ ሳየው እሻገራለሁ። እሱም ማየቴን እያወቀ ሰላም ሊለኝ አይሞክርም። ስሙ ግን እየገነነ ሄደ። ፎቶዎቹን ሰዎች በስልካቸው ያሳዩኛል፤ ሳላይ እመልስላቸዋለሁ።

ዘንድሮ አንድ የከተማው ወጣት ባለሥልጣን ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። የሰውየውን ፎቶዎች በአዳራሽ ሊያሳዩ ነው።

"ቲቸር፣ በመክፈቻው ላይ ስለ ሥራው የአድናቆት ንግግር እንዲያደርጉልን ነው። አሥር ደቂቃ ይበቃል።"

"ሰው ጠፍቶ ነው እኔ ጋ የመጣኸው?"

"ኧረ እሱ ራሱ ነው የመረጠዎት። 'እሷ ካልሆነች ማንም እንዳይናገር' ብሎናል።"

እሺ ያልኩት በክፋት ነው፤ አልደብቅም። አሥር ደቂቃ፣ ማይክራፎን፣ ሙሉ አዳራሽ ሕዝብ። የዘጠኝ ዓመት ቂሜን አወጣዋለሁ ብዬ ነው።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ሥራውን ለማየት ወደ አዳራሹ ሄድኩ። መሰላል ላይ ወጥቶ ፎቶ እያቃና ነበር። ሰላም አልተባባልንም። ከበሩ ጀምሬ አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ፤ እያንዳንዱ መጥፎ እንዲሆን እየተመኘሁ።

አልሆነልኝም። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል አለ፤ ነጩ የጀርባው ፀጉር ተዘርግቶ፣ ጣቶቹ ገና ቅርንጫፉን ሳይጨብጡ። ቢላቴ ሞልቶ ዳርቻውን ሲንድ አለ፤ ከነሥሩ የተገነደሰው ዛፍ ገና ውሃው ውስጥ አልገባም። ሁምቦ ውስጥ መሬቱን የሰነጠቀ ቦረቦር አለ። እዚህ ላይ ቆምኩ። አፈር እንዴት እንደሚሸረሸር ለተማሪዎች ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ ስንት ዓመት ደክሜያለሁ! ይህ ሰው ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ጠብቆ እያንዳንዱን የአፈር ንብርብር በጥላ ለይቶ አስቀምጦታል። ተናደድኩ። እንዲህ የሚያይ ዓይን ለምን ለእሱ ተሰጠ?

መጨረሻው ግድግዳ ላይ ጉማሬው ብቻውን ተሰቅሏል። ቀዩ የአባያ ውሃ በግማሹ ዝናብ እየወረደበት በግማሹ ፀሐይ ነው። የዝናቡ ጫፍ እንደ መጋረጃ ቀጥ ብሎ ይታያል። ጉማሬው ከውሃው ወጥቶ ልክ በጫፉ ላይ ቆሟል፤ ከኋላው ርሶ ያብለጨልጫል፣ ከፊት ጭቃው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ዝናቡ ሲደርስበት አንድ ጆሮውን ብቻ ወደ ኋላ አዙሯል። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ከሥሩ ያለችውን ወረቀት ያነበብኩት ዘግይቼ ነው። "አባያ" ይልና ቀኑ ከነዓመተ ምሕረቱ ተጽፏል። የእህቴ ልጅ የተወለደችበት ቀን ነው።

"ይህ ምን ቀን እንደሆነ ታውቃለህ?" አልኩት።

ከመሰላሉ ወረደ። "አውቃለሁ።"

"እያወቅክ ጻፍከው?"

"የተነሳበት ቀን ነው። ሌላ ቀን ልጻፍበት?"

"ኔትወርክ አልነበረም እንዳትለኝ ብቻ።"

"አልልሽም። አርብ ጠዋት ዕቃዬን አስሬ ጨርሼ ነበር። ደመናው ሲመጣ አየሁና ፈታሁት። ቀኗ እንደደረሰ አውቃለሁ። አንድ ሰዓት ልቆይ አልኩ። ከዚያ ሌላ አንድ ሰዓት። ጉማሬው ሲወጣ ስምንት ሰዓት አልፎ ነበር። ከዚያ ጎርፉ መንገዱን ቆረጠው።"

ቢዋሸኝ ይሻለኝ ነበር። ለውሸቱ መልስ ነበረኝ።

"ይህንን ለእህቴ ነግረሃታል?"

"አልጠየቀችኝም።"

"አልጠየቀችኝም ይላል እንዴ! እሷ የምትጠይቅ ሰው ናት? ካልጠየቀችህ ምላስ የለህም?"

መሰላሉን ከግድግዳው አነሳ። ለምን እኔን እንደመረጠ ጠየቅኩት።

"ከተማው ያጨበጭብልኛል፤ ጥሩውንም መጥፎውንም እኩል ያጨበጭቡልኛል። አንቺ ትጠይኛለሽ። ካልረባ አልረባም ትያለሽ።"

ወጥቼ ሄድኩ። ቤት ገብቼ ለመክፈቻው የጻፍኩትን ንግግር አነበብኩት። ስለ ሆስፒታሉ ነው፤ ስለ ፎቶዎቹ አንድ መስመር የለውም። ቀድጄ ሌላ ጻፍኩ፤ ከዚህ ሰው ጋር በተያያዘ ያደረግኩት ከባዱ ነገር እሱ ነው። እህቴን አስፈቅጄ ስላልነበር የእሷን ነገር አደባባይ ማውጣት የእኔ ድርሻ አይደለም ብዬ ነው። ለእሱ አዝኜ አይደለም።

በማግስቱ አዳራሹ ሞላ። ፎቶዎቹ ጥሩ እንደሆኑ ተናገርኩ፤ ለምን ጥሩ እንደሆኑም በጂኦግራፊ መምህር አፍ አንድ በአንድ አስረዳሁ። ፊት ወንበር ላይ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ከዚያ እንዲህ አልኩ፦

"አርባ ሁለት ፎቶ ቆጠርኩ። ሰው ያለበት አንድም የለም። ወላይታ ውስጥ ሰው የሌለበት መሬት የት ነው? የታረሰ ማሳ አንስቷል፣ አራሹ የለም። እንሰት አንስቷል፣ የተከለችው የለችም። ይህ ሰው እንዲህ ዓይነት ፎቶ ለማንሳት ለስንት ሰው ጀርባውን መስጠት እንዳለበት አስቡት።"

ማንም አላጨበጨበም። ከኋላ አንድ ባርኔጣ ያደረጉ አዛውንት ተነሱ። መጀመሪያ በወላይትኛ ጀመሩ፤ ከዚያ ወደ አማርኛ ዞሩ።

"ያኛው የዳሞታ ማሳ የእኔ ነው። ልጅቷ እውነቷን ነው። ያን ቀን እያረምን ነበር። 'አባባ፣ ትንሽ ዞር ይበሉልኝ' ብሎን ከነቤተሰቤ ከቦይናው፣ ከጎደሬው ማለቴ ነው፣ ኋላ ተደብቀን ዋልን። አሁን ሳየው ማሳዬ አለ፣ እኔ የለሁም።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሱ አልሳቀም። ተነስቶ ወደ አዛውንቱ ዞረና፣ "ልክ ነዎት አባባ። ሰው ማንሳት አልችልም። ሰው ሲያየኝ እጄ እምቢ ይለኛል" አለ። ሌላ ምንም ሳይጨምር ተቀመጠ። የቀለደ የመሰላቸው አጨበጨቡለት። እኔ እንዳልቀለደ አውቄያለሁ፤ ማወቄም ደስ አላለኝም።

ያን ዕለት ማታ ለእህቴ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ዕቃውን አስሮ መፍታቱንም ጭምር። ታለቅሳለች ብዬ ነበር።

"የጉማሬው ፎቶ ጥሩ ነው?" አለች።

"ምን ያደርግልሻል?"

"ጥሩ ነው ወይ ነው የምልሽ።"

"ጥሩ ነው።"

"በጣም?"

"በጣም" አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እሾህ የምተፋ መሰለኝ።

በኤግዚቢሽኑ የመጨረሻ ቀን ከቦዲቲ በሚኒባስ መጣች። ነጠላዋን በደንብ ተከናንባ አዳራሹን ሳታይ ቀጥታ ወደ መጨረሻው ግድግዳ ሄደች። ጉማሬው ፊት ቆመች። እሱ ካለበት ጥግ አልተነቃነቀም፤ የሚቀጣውን መምህር እንደሚጠብቅ ተማሪ እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ ቆሟል። ከዚያ እሷ ሄደችበት። እኔም ተከተልኳት።

"ይህን ለማየት ነው የመጣሁት" አለችው። "ለማይረባ ነገር ትተኸኝ ከሆነ ላውቀው ፈልጌ ነበር። የሚረባ ነው።"

"ይቅርታ አድርጊልኝ" አለ። ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው።

"አላደርግም" አለችው፣ ቀስ ብላ። "ለልጅህ ግን አንድ አትምላት። ቀኑ ይኑርበት። ስትጠይቅህ ራስህ ትነግራታለህ፤ እኔ አልነግርልህም።"

መናኸሪያ ድረስ ስሸኛት ቀለል ብሏት ነበር፤ ስለ ሱቋ፣ ስለ ደብተር መወደድ ታወራልኛለች። እኔ ነኝ የከበደኝ። ፎቶው መጥፎ ቢሆን ኖሮ ንዴቴ ሙሉ ይሆንልኝ ነበር። አሁን ሰውየውን ስጠላ ያ ቀይ ውሃ ይመጣብኛል፣ ውሃውን ሳስብ ሰውየው ይመጣብኛል፤ አንዱን ከአንዱ መለየት አልቻልኩም።

ኤግዚቢሽኑ ሲያልቅ የቦረቦሩን ፎቶ ለትምህርት ቤታችን ሰጠ። ክፍሌ ውስጥ ሰቅዬ አስተምርበታለሁ፤ የመሬት መሸርሸርን እንደዚያ ፎቶ የሚያስረዳልኝ አላገኘሁም። ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ "ቲቸር፣ ማን ነው ያነሳው?" ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። "ጎበዝ ነው አይደል?" አለች።

"ጎበዝ ነው" አልኳትና ሁሉም ደብተራቸውን እንዲያወጡ አዘዝኩ።