የሲስተር ዘሃራ ቀይ ጎማ

«ቅዳሜ እኮ አሸንፈውኛል፤ ማክሰኞ እንዴት ይሞታሉ?» ብዬ ስልኩን በልጃቸው በሐያት ላይ ዘጋሁባት። ነውር መሆኑን አውቃለሁ። መልሳ ደወለች። «ጋሼ፣ እውነት ነው» አለችኝ። ጫማዬን መፈለግ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ሲስተር ዘሃራን ለማታውቁ፦ በወጣትነታቸው ከደሴ ተመድበው መጥተው ደብረ ማርቆስ ላይ በነርስነት ያረጁ ሴት ናቸው። ይህን ከምታነቡት ብዙዎቻችሁ የመጀመሪያ መርፌያችሁን የተወጋችሁት በእሳቸው እጅ ነው።

ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በሰፈራችን አዳራሽ በረንዳ ላይ ከእኔ ጋር የጠረጴዛ ቴኒስ ይጫወቱ ነበር። እኔ ጨዋታውን ማንም አላስተማረኝም፤ እያየሁ ነው የለመድኩት። ስለዚህ ማንም እንዲያርመኝ አልወድም። እሳቸው ግን ያርሙኝ ነበር።

አምና ከመስቀል በኋላ የሁለታችንም ራኬት ፊት ላይ የሚለጠፈው ጎማ አለቀ። ሐያት አዲስ አበባ ነበረች፤ ጎማ ልትገዛልን ገብታ ከሱቁ ሆና ደወለች።

«የሚያጣብቀው ነው ወይስ የማያጣብቀው?»

«የሚያጣብቀው!» አልኩ እኔ። «ኳስ የሚያሽከረክረው እሱ ነው።»

«እንዲያው በችኮላ!» አሉ ሲስተር። «የኛ ጠዋት ብርድ ነው። የሚያጣብቀው በብርድ ይደነድናል ሲሉ ሰምቻለሁ። ሻጩን ትጠይቀው እንጂ።»

«ሻጭ ምን ያውቃል? ሐያት፣ ጣትሽን አስነኪው። ከያዘሽ ግዢው።»

አንድ ቀይ፣ አንድ ጥቁር ይዛ መጣች። ቀዩን እሳቸው ወሰዱ፣ ጥቁሩን እኔ። ሁለቱንም በገዛ እጄ በማስቲሽ ለጠፍኩ። ኳሷን አስቀምጠን ራኬቱን ስንገለብጠው ኳሷ ተንጠልጥላ ቀረች። ሲስተር ደረታቸው ላይ የምትንጠለጠለዋን የነርስ ሰዓት አይተው፣ የልብ ትርታ እንደሚቆጥር ሰው ቆጠሩ። ስልሳ ሲደርሱ ሁለታችንም ሰለቸን።

ይህ ማጣበቁ ስንት ጊዜ ይቆያል? ክርክራችን እዚህ ላይ ተጀመረ። እሳቸው ከጨዋታ በኋላ ጎማውን በረጠበ ንጹሕ ፋሻ ጠርገው፣ ስስ ላስቲክ አልብሰው፣ መተላለፊያቸው ላይ ባለ ምስማር ይሰቅሉታል። እኔ አልጠርግም። ጎማ ቁስል አይደለም። የማጣበቅ ኃይሉ ተሠርቶ የገባ ነው፤ በውሃ አይጨመርም።

«እሺ፣ በየሳምንቱ እንፈትነው» አሉ።

ፈተንን። በበጋው የኛን አቧራ ታውቁታላችሁ። ጥምቀት ሲደርስ የኔዋ ኳስ ራኬቱ ገና ሳይገለበጥ ወደቀች። የሳቸው ያዘች።

«ፈተናው ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል» አልኩ።

«ለምን?»

«የታወቀ ነገር ነው።»

ከዚያ ወዲህ በተሸነፍኩ ቁጥር «ያሸነፈኝ ጎማዎ ነው» እላለሁ። እሳቸውም ሁልጊዜ አንድ መልስ ነበራቸው፦ «ኳሷን ይጠይቋት! ራኬት እንቀያየርና ኳሷን ይጠይቋት።»

«ራኬት እንደ ጥርስ ብሩሽ ነው፤ ሰው አይዋዋሰውም።»

«አይ እርስዎ! ነርስ እኮ ነኝ፤ ጠርጌ ነው የምሰጥዎት።»

ለሚመጣው ቅዳሜ እያልኩ አልፌዋለሁ። ባለፈውም ቅዳሜ እንደዚያው ነው ያልኩት።

ዛሬ ከቀብር ተመልሰን ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ሐያት ራኬቱን ይዛ ወጣች። «ጋሼ፣ ይቺን ምን ላድርጋት?» አለችኝ። ላስቲኩ እንደለበሰ ነው። ገለጥኩት።

ድምፅ አላሰማም።

አዲስ ሳለ ያ ላስቲክ ሲላቀቅ ጨርቅ ሲቀደድ ይመስል ነበር። ድምፁ የጠፋው መቼ ይሆን? በየቅዳሜው ፊት ለፊቴ ሲገልጡት አይ ነበር፤ ጆሮዬን ግን አልሰጠሁትም።

ኳስ ከኮቴ ኪስ አትጠፋም። አወጣሁና ቀዩ ጎማ ላይ አስቀምጬ ገለበጥኩት። ኳሷ ወዲያው ወደቀች። ድንኳኑ ውስጥ በሰው እግር መሃል እየነጠረች ሄደች። ሐያት ተንበርክካ አነሳችልኝ። እንደገና ሞከርኩ፤ ወደቀች። በሦስተኛውም ወደቀች። ለቀስተኛው እያየኝ ነበር። ይየኝ።

ሲስተር፣ እርስዎ ይህን ያውቁ ነበር። ራኬት እንቀያየር እያሉ የለመኑኝ ለዚህ ነበር። የእርስዎም ጎማ እንደኔው ማጣበቁን ትቶ ነበር፤ ኳሷ ግን ከእጅዎ ስትወጣ እየተሽከረከረች መረቡን አልፋ ወደ ጎኔ ትታጠፍብኝ ነበር። የማያጣብቅ ጎማ ኳስ ማሽከርከር ይችላል ማለት ነው። ታዲያ የጎማ ዕድሜ በምን ይለካል? የእርስዎስ ማጣበቁን የተወው መቼ ነው? ከኔው በስንት ሳምንት በለጠ? መጥረግዎ ጠቅሞት ነበር? አሁን የሚነግረኝ የለም። ፈተናውን ያስቆምኩት እኔ ነኝ።

ያሸነፈኝ ጎማዎ አልነበረም። ያሸነፉኝ እርስዎ ነዎት። ይህን ፊትዎ ቆሜ ልናገረው ይገባኝ ነበር። እንቢ አልኩ።

ሐያት ራኬትዎን ሰጥታኛለች። ቅዳሜ በእሱ እጫወታለሁ፤ ኳሷን እጠይቃታለሁ። ከጨዋታ በኋላም በረጠበ ፋሻ እጠርገዋለሁ።

ነገ ለቅሶ ስመጣ የኔን ጥቁሩን ይዤ እመጣለሁ። በእርስዎ ምስማር ላይ ይሰቀላል።

ፈጣሪ ነፍስዎን ያሳርፍ፣ ሲስተር። ይኸው ተቀያየርን።